ወደ ማንዋል የተለወጠ መኪና ነውር የለበትም

ፌራሪ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ያመረተውን 599 ጂቲቢ ፊዮራኖ ለሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ካምቢዮ ያቀርብ ነበር። አንደኛው «ኤፍ 1» የሚባለው ነው፤ የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ ሾፌሩ ከመሪው ጀርባ ካሉት ሁለት መቀየሪያዎች አንዱን በጣቱ ሲስብ ኮምፒውተርና የዘይት ግፊት ማርሹን ያስገቡለታል። ሁለተኛው ሦስት ፔዳልና የማርሽ ዘንግ ያለው የዱሮው ማንዋል ነው። ማንዋሉን ያዘዙት በመላው ዓለም 30 ያህል ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በወጣው 575ኤም ማራኔሎ ከተሠሩት ከ2,000 በላይ መኪኖች ማንዋሎቹ 246 ነበሩ፤ በ612 ስካሊዬቲ ደግሞ ከ3,000 ገደማው 199። እነዚህ ጥቂት መኪኖች ዛሬ ለሽያጭ ሲቀርቡ ከኤፍ 1 አቻዎቻቸው በእጅጉ ይወደዳሉ። ሞተሩ ያው ነው፤ አካሉም ወንበሩም ያው። ይህ የዋጋ ልዩነት አንድ ሥራ ወልዷል፦ ኤፍ 1 ሆኖ ከፋብሪካ የወጣውን መኪና ፔዳልና ዘንግ አስገብቶ ማንዋል ማድረግ። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ጋራዦች አሉ። ብዙ ሰብሳቢዎች ግን እንዲህ ያለውን መኪና በሐሰተኛ ዕቃ ዓይን ያዩታል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ፤ ለውጡ በወጉ ተሠርቶ በግልጽ እስከተመዘገበ ድረስ ማንዋል መኪናን በሕይወት የሚያቆየው ከተቆለፈ ጋራዥ ይልቅ ይህ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ብርቅነቱ ከየት እንደመጣ እንይ። በመጋቢት 1989 የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው ናይጄል ማንሴል በብራዚል ግራንድ ፕሪ በፌራሪ 640 አሸነፈ። መኪናው የጆን ባርናርድ ንድፍ ነበር፤ ማርሹ ከመሪው ሳይለቁ በጣት የሚቀየር ሲሆን፣ ያ ቀን ደግሞ የመኪናው የመጀመሪያ ውድድር ነበር። ፌራሪ ይህንኑ ሐሳብ በ1997 ወደ መንገድ መኪና አምጥቶ ኤፍ355 ላይ ገጠመው፤ ከዚያ በኋላ በ360 ሞዴናና በኤፍ430 ከማንዋሉ ጎን ለጎን አቀረበው። ገዢው የውድድር መኪና ስሜት ያለውን አዲስ ነገር ፈለገ፤ ለዚያም ተጨማሪ ገንዘብ ከፈለ። በ2009 የወጣው 458 ኢታሊያ እስኪደርስ ድረስ ማንዋል የሚያዝዘው ሰው እየመነመነ ሄዶ ስለነበር ፋብሪካው በዚህ መኪና ላይ ምርጫውን ጭራሽ አነሳው። ላምቦርጊኒም በ2011 አቬንታዶርን ሲያወጣ ሦስተኛውን ፔዳል አልጨመረለትም። እንግዲህ ዛሬ በውድ የሚሸጡት ማንዋሎች ብርቅ የሆኑት ፋብሪካው ለይቶ ስላከበራቸው አይደለም። በዘመናቸው ፈላጊ ስላጡ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው በ2007 ወይም በ2008 አንድ ገዢ ትእዛዝ ሲሞላ የትኛው ሣጥን ውስጥ ምልክት እንዳደረገ ብቻ ነው። ያ ምልክት ከዓመታት በኋላ ማን ማርሽ በእጁ እንደሚያስገባና ማን እንደማያስገባ የሚወስን ሕግ ሊሆን አይገባም።

ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚፈርዱበት ብዙዎች ስለሆኑ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው ለውጥ ሲባል አንዱን ካምቢዮ አውጥቶ ከሌላ መኪና የመጣ ካምቢዮ መሰካት ይመስለዋል። እውነቱ ግን በኤፍ355፣ በ360ም ሆነ በኤፍ430 ላይ ያለው የኤፍ 1 ካምቢዮ በውስጡ የማንዋሉ ካምቢዮ ነው፤ ጥርሶቹም ዘንጎቹም በመሠረቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ከውጭ ነው። የሰው እጅ ይገፋው የነበረውን የሚገፋ የሃይድሮሊክ ክፍል፣ ግፊቱን የሚያመነጭ ፓምፕ፣ የሚያጠራቅም ታንከር፣ ፍሪሲዮኑን የሚለቅና የሚይዝ ሥርዓት፣ ሁሉንም የሚያዝዝ ኮምፒውተር ተጨምሮበታል። ለዋጩ መካኒክ ይህን ተጨማሪ ያወርዳል፤ በቦታው የፍሪሲዮን ፔዳልና የራሱን የዘይት ፓምፕ፣ የማርሽ ዘንጉንና ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኙትን ኬብሎች ይገጥማል፤ በመጨረሻም የሞተሩ ኮምፒውተር መኪናው ማንዋል መሆኑን እንዲያውቅ ፕሮግራሙን ይቀይራል። የቢኤምደብሊው ኤም3 ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው። ኤም3 ኢ46 በሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር፤ በማንዋልና «ኤስኤምጂ» በሚባለው ፍሪሲዮን ፔዳል አልባ ሥርዓት። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ባለ 6 ማርሽ የጌትራግ ካምቢዮ ነው። ስለዚህ ኤስኤምጂውን ማንዋል የሚያደርግ ሰው መኪናው የማያውቀውን ነገር አያስገባበትም፤ የሚገጥመው ፋብሪካው ለዚያው መኪና የነደፈውን፣ በጎኑ ተሰልፎ ይወጣ በነበረው መኪና ላይ የነበረውን ዕቃ ነው።

ማንዋሉ ፌራሪ ውስጥ ደግሞ ዓይን የሚይዝ አንድ ነገር አለ። በወንበሮቹ መካከል የማርሽ መንገዶቹ ተቆርጠው የሚታዩበት የብረት ሳህን ተቀምጧል፤ ከላዩ ቀጭን ዘንግ፣ ከዘንጉ ጫፍ ክብ እጀታ። ዘንጉ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሻገር ሳህኑን ነክቶ የብረት ድምፅ ያሰማል። ሳህኑ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ እጅ ከመስመር ወጥቶ የተሳሳተ ማርሽ እንዳያስገባ ይመራዋል። በቆዩት የፌራሪ ማንዋሎች ጠዋት የካምቢዮው ዘይት እስኪሞቅ ድረስ ሁለተኛ ማርሽ እሺ አይልም፤ የሚያውቀው ሾፌር አያስገድደውም፤ ከአንደኛ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ይሻገራል። መኪናውና ነጂው የሚተዋወቁት በእንዲህ ያለ ነገር ነው። የኤፍ 1 ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ከሾፌሩ ወስዶ ራሱ ይሠራዋል፤ ሾፌሩም ስለ መኪናው የሚያውቀው በዚያው መጠን ይቀንሳል። ማንዋል የሚፈልጉ ሰዎች የሚፈልጉት ይህንን መተዋወቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከታሪክ ወገን የሚመጣው ነው። ኤፍ 1 ካምቢዮ ራሱ ቅርስ ነው፤ ከማንሴል ድል ጀምሮ የተቆጠረ የምህንድስና ጉዞ ውጤት ነው፤ እሱን አውርዶ መጣል የዘመኑን ማስረጃ ማጥፋት ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህም ሁሉም መኪና ይለወጥ አልልም። በ400 ያህል ቁጥር የተሠራው የፌራሪ ኤንዞ ከጅምሩ ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል ታስቦ የተነደፈ ነው። 430 ስኩደሪያ ማርሽ በ60 ሚሊሰከንድ እንዲቀይር የተደረገው የዚያ ቴክኖሎጂ ጫፍ ሆኖ ነው። በ1,400 ገደማ የተወሰነው ኤም3 ሲኤስኤልም ከፋብሪካ የወጣው በኤስኤምጂ ብቻ ነው። በእነዚህ ላይ ካምቢዮው የመኪናው ሐሳብ አካል ስለሆነ እጅ ባይገባባቸው ይሻላል፤ አንዳንዶቹ ግን ተለውጠዋል፤ አዝናለሁ። ተራው 360 ወይም ኤፍ430 ግን በሺዎች የተሠራ፣ ፋብሪካው ራሱ በሁለቱም መንገድ የሸጠው መኪና ነው። ከሺዎቹ ጥቂት መቶዎቹ ቢለወጡ የኤፍ 1 ታሪክ ማስረጃ አያጣም። የወረደው ዕቃም ካልተጣለ፣ አካሉ ላይ አዲስ ቀዳዳ ካልተበሳ፣ ነገ የሚገዛው ሰው ቢያሻው መልሶ ሊገጥመው ይችላል። ለዋጩ ጋራዥ ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ ሥራውን ባይነካው ይመረጣል።

ከዚሁ ጋር የሚረሳ ነገር አለ። ብረት ያረጃል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ የሚጠግነውም አይጠፋም። የ1960ዎቹ ካምቢዮ ዛሬም ተፈትቶ፣ የተበላው ጥርስ በአዲስ ተተክቶ ይሠራል። የ2000ዎቹ የሃይድሮሊክ ሥርዓት ግን ፓምፑ ይደክማል፣ ዘይት ያፈሳል፣ ሴንሰሮቹ ይሳሳታሉ፣ የቁጥጥር ኮምፒውተሩን ለማናገር የፋብሪካው መሣሪያ ያስፈልጋል። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ነጥብ በትክክል ካልተስተካከለ ዲስኩ ከጊዜው በፊት ያልቃል። በኤስኤምጂ መኪኖችም ፓምፑ ሲሞት ማርሽ አልገባም ብሎ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፤ ባለቤቶች ከሚለውጡባቸው ምክንያቶች አንዱ የጥገናው ዋጋ ነው። ኤሌክትሮኒክሱ በዕድሜ ሲወድቅና መለዋወጫው ሲጠፋ ለባለቤቱ ሁለት መንገድ ይቀሩታል፦ መኪናውን ማቆም ወይም ማንዋል ማድረግ። ከቆመ መኪና የሚነዳ መኪና ይበልጥ ቅርስ ነው፤ ሞተሩን የሠሩት ሰዎች የሠሩት እንዲጮህ ነውና።

ማታለልን በሚመለከት የሚነሳው ሥጋት ግን የዋዛ አይደለም። 30 ብቻ የተሠራ መኪና ዋጋ ከሰማይ ሲደርስ፣ የተለወጠውን «ከፋብሪካ የወጣ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ለዚህ መድኃኒቱ ለውጡን መከልከል አይሆንም፤ ቢከለከልም ሐሰተኛው በድብቅ ይሠራዋል። መድኃኒቱ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መኪና የሻንሲ ቁጥር አለው፤ ፋብሪካው በዚያ ቁጥር ምን ዓይነት ካምቢዮ እንደገጠመ ያውቃል። ፌራሪ በ2006 ያቋቋመው የክላሲኬ ክፍል አንድ አሮጌ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረበት ሁኔታ መሆኑን መርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ገዢው ይህን ሳያጣራ ከከፈለ ጥፋቱ የመካኒኩ አይደለም። እዚህ ላይ ደግሞ የለውጥ ሥራ ራሱ የማታለልን ፈተና ይቀንሳል ብዬ እሟገታለሁ። ማንዋል መንዳት ብቻ የፈለገ ሰው የተለወጠውን በግልጽ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት ከቻለ፣ ከፋብሪካ የወጣውን ለማግኘት የሚጋፋው ያንኑ የታሪክ ሰነድ የሚሻው ሰብሳቢ ብቻ ይሆናል። ሁለት የተለያዩ ገበያዎች፣ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች። ሁለቱም በስማቸው ቢጠሩ ማንም አይጎዳም።

ሰብሳቢዎችን የምወቅሰው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የፖርሽ 911 አር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፖርሽ በ2013 ያወጣውን 911 ጂቲ3 ፒዲኬ በሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ሲያቀርብ አፍቃሪዎቹ ቅር ተሰኙ። በ2016 ባለ 4 ሊትር ሞተር፣ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ማንዋል ብቻ የሆነው 911 አር ወጣ፤ ቁጥሩ በ991 ተወሰነ። ገና ለባለቤቶቹ ተሰጥቶ ሳያልቅ በአሜሪካ 185,000 ዶላር አካባቢ የነበረው መኪና በብዙ እጥፍ ይቸበቸብ ጀመር። ብዙዎቹ ከሽፋናቸው ሳይወጡ ባለቤት ቀያየሩ። በ2017 ፖርሽ በአዲሱ ጂቲ3 ላይ ማንዋሉን ቁጥር ሳይወስን ሲመልሰው የ911 አር ዋጋ ወዲያው ቀዘቀዘ። ለማንዋሉ ፍቅር ነው የተባለው ገንዘብ ከፊሉ የብርቅነት ውርርድ እንደነበር ያኔ ታየ። ጂቲ3ን ገዝቶ ተራራ ለተራራ የሚነዳው ሰው ግን ከማንዋሉ ያገኘው ነገር በሌላው መኪና ዋጋ መውረድ አልተቀነሰበትም። መኪና የሚሰበስብ ሰው ገንዘቡ ነው፤ ቢቆልፍበት መብቱ ነው። ማንዋልን የማድነው እኔ ነኝ ካለ ግን አልስማማም። ማንዋል የሚኖረው ግራ እግር ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ ቀኝ እጅ ማርሽ ሲያስገባ ነው።

ታዲያ አውቶማቲኩ ፈጣን ሆኖ ሳለ ለምን ወደ ኋላ መመለስ? ይህ ጥያቄ በ2000 ጥያቄ ነበር። ዛሬ በባትሪ የሚሄድ ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ከቆመበት ተነስቶ በሁለት ሰከንድ አካባቢ መቶ ኪሎ ሜትር ሲጠጋ፣ የፍጥነቱ ክርክር ለኤፍ 1ም ሆነ ለማንዋሉ አብቅቷል። ሁለቱም ተቀድመዋል። የሚቀረው መንዳት ራሱ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። በ106 ቁጥር የተሠራውን ማክላረን ኤፍ1 የነደፈው ጎርደን መሪ በዚህ ዘመን ቲ.50ን ሲሠራ ማንኛውንም ካምቢዮ መምረጥ ይችል ነበር፤ መቶውንም መኪኖች ባለ 6 ማርሽ ማንዋል አድርጎ ሞተራቸው በደቂቃ 12,100 ዙር እንዲዞር ፈቀደ። አስተን ማርቲን በ2023 ያወጣቸው 110 ቫሎሮች ማንዋል ናቸው። ቶዮታ አዲሱን ሱፕራ በ2019 አውቶማቲክ ብቻ አድርጎ ከሸጠ በኋላ በ2022 ማንዋሉን ጨመረለት። ፋብሪካዎቹ የሚሰሙት የሰውን ፍላጎት ነው፤ ያን ፍላጎት ሳይጠፋ ካቆዩት መካከል በየጋራዡ የለወጡት ሰዎች ይገኙበታል።

«ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢም ይኖራል። ሥራው በፌራሪ የቆመ ቢሆን እኔም ብዙ አልጽፍበትም ነበር። አውቶማቲክ የሆነ የ1990ዎቹ ቶዮታ ሱፕራ የገዛ ሰው፣ ዋጋው የናረውን የጌትራግ ካምቢዮ መግዛት ሲያቅተው፣ ከኒሳን 350ዜድ የወጣውን «ሲዲ009» የተባለ ጠንካራ ካምቢዮ በመሃል ማያያዣ ብረት ሠርቶ ይገጥማል። ይህ የተርታ መካኒክ ጥበብ ነው፤ መለካት፣ መቁረጥ፣ መበየድ፣ ያለውን ከጎደለው ጋር ማስማማት። የኢትዮጵያ ጋራዦች የኖሩት በዚሁ ጥበብ ነው። ከፋብሪካ መለዋወጫ የማይገኝለትን መኪና ካለው አስማምቶ የሚያስነሳ ካምቢዮ ሠሪ ይህን ክርክር ቢሰማ ይገርመዋል ብዬ አስባለሁ። ለእሱ በሌላ ዕቃ የተጠገነ መኪና ሐሰተኛ አይደለም፤ የሚሄድ መኪና ነው። በዳገት ላይ ሚኒባስ ሞልቶ፣ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ መኪናውን ሚዛን አስይዞ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት የሚነሳ የሃይኤስ ሾፌር ያለውን ችሎታ በጀርመን ወይም በአሜሪካ ዛሬ የሚማረው እየቀነሰ ነው። በአሜሪካ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ማንዋሎቹ ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ጀርመን ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በማንዋል ጥቂት ትምህርት የወሰደ ሰው ፈተናውን በአውቶማቲክ አልፎ ሁለቱንም እንዲነዳ ፈቅዳለች። እኛም ዘንድ መንግሥት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለወሰነ፣ ወደፊት የሚገቡት የቤት መኪኖች ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የላቸውም። ውሳኔውን መንቀፌ አይደለም፤ የነዳጁን ወጪ ሁላችንም እናውቀዋለን። ችሎታው ግን ከመኪናው ጋር አብሮ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ማርሽ የሚያስገባ እጅ የሚፈጠረው ማርሽ ያለው መኪና በመንገድ ላይ ሲኖር ነው፤ የተቆለፉት 30 መኪኖች ማንንም አያስተምሩም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለለዋጮቹና ለሻጮቹ ነው። ለውጡን በሻንሲ ቁጥሩ አንጻር፣ ማን መቼ ምን እንዳወረደና ምን እንደገጠመ በመኪናው የጥገና ደብተር ላይ ጻፉት፤ የወረደውን ፓምፕ፣ ኮምፒውተርና የመሪ መቀየሪያ በሣጥን አድርጋችሁ ከመኪናው ጋር አስረክቡ፤ ለሽያጭ ስታቀርቡትም «የተለወጠ» የሚለውን በማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ አስቀምጡት። ገዢውም ይህ ሁሉ ካልተሟላ ገንዘቡን አያውጣ።